የቲቪ ትንታኔውን ልስማ ወይስ ድምፁን ልዝጋው? ከልጄ ጋር የዓለም ዋንጫ ልናይ ነው

የናቲ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው። የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። ኳስ ነፍሱ ነው። ሰፈራችን ያለ የታዳጊዎች የኳስ ፕሮጀክት ውስጥ ይሠለጥናል፣ ቦታው አማካይ ነው። አባቱ በሥራ ምክንያት ብዙ ጊዜ ከቤት ርቆ ስለሚቆይ ጨዋታ አብሬው የማየው እኔ ነኝ። ተገድጄ አይደለም፣ እኔም ኳስ እወዳለሁ። ጎል ሲገባ ጎረቤት እስኪሰማ እጮሃለሁ።

አሁን ግን ልጁ ጥያቄ ጀምሯል። «እማዬ፣ አሰልጣኙ ለምን እሱን አስወጣው?» «እነዚህ ለምንድነው ኳሱን ትተው ወደኋላ የሚሮጡት?» መልስ የለኝም። ተንታኞቹ ይመልሱልናል ብዬ በእረፍት ሰዓት ቁጭ ብለን እንሰማለን። ሦስት ሰዎች ሱፍ ለብሰው ይመጣሉ። ተጫዋቹ የት ክለብ እንዳለ፣ በስንት ሚሊዮን ዩሮ እንደተሸጠ፣ ሁለቱ ቡድኖች ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተገናኙ ይነግሩናል። ወደ ጨዋታው ሲመጡ ደግሞ «ተጭነው መጫወት አለባቸው»፣ «ያገኙትን ዕድል መጠቀም አለባቸው» ይላሉ። አንድ ቀን ናቲ ዞር ብሎ «ይሄንንማ እኔም አውቃለሁ» አለኝ።

የዓለም ዋንጫው ሰኔ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2026) ይጀምራል። 48 ቡድን፣ 104 ጨዋታ። መክፈቻው፣ ሜክሲኮ ከደቡብ አፍሪካ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ፍጻሜውም እንደዚያው። በመሀል ግን እኩለ ሌሊት ያለፉ ብዙ ጨዋታዎች አሉ። ፈተናም አለበት። ስለዚህ ሁሉንም አናይም። የምናያቸው ጥቂት ጨዋታዎች ግን ለልጁ የሚሆን ነገር እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ። ትንታኔውን እንስማ? ወይስ ድምፁን ዘግተን እንይ? እኔስ ምን ምን ብመለከት ነው ለልጁ መልስ የሚኖረኝ?

ሰባት ቁጥር፦

ዝጊው። ስንቱ ነው ቫርዚሽ የሚባለው የታጂኪስታን ቻናል ላይ ኳስ እያየ ያደገው? አስተላላፊው በታጂክኛ ያወራ ነበር። አንዲት ቃል ሳይገባን ጨዋታውን ግን አየን። ዓይናችን ኳሱ ላይ ብቻ ስለነበር የተሻለ አየን ባይ ነኝ።

የፈረንጆቹም ትንታኔ እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ብራዚል ደቡብ ኮሪያን 4 ለ 1 ያሸነፈችበትን ጨዋታ አስታውሱ። አራቱም የብራዚል ጎል በመጀመሪያው አጋማሽ ነው የገባው። የቀድሞው ተጫዋች ሮይ ኪን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ወጥቶ የብራዚሎች ጭፈራ ተጋጣሚን መናቅ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ጭፈራው ማውራት ሆነ። ሪቻርሊሰን ያገባትን ጎል ግን መልሳችሁ እዩዋት። ኳሷን በግንባሩ እያንጠባጠበ ይዞ ወረደና ለማርኪኞስ ሰጠ። ማርኪኞስ ለቲያጎ ሲልቫ፣ ሲልቫ መልሶ ለሪቻርሊሰን። ሁለቱም የመሀል ተከላካዮች ናቸው! ሁለት የመሀል ተከላካዮች በአንድ ጊዜ የተጋጣሚ ሳጥን ደጃፍ ላይ ምን ይሠራሉ? ጥያቄው ይሄ ነበር።

የሜዳ ዳር፦

እህቴ፣ ሕፃናትን በፕሮጀክት ስለማሠለጥን ይሄ ጥያቄ የዘወትር ጥያቄዬ ነው። ልጆቹ ሰኞ ሲመጡ ጎሉን ሁሉም ይነግሩኛል። ጎሉ ከመግባቱ በፊት ምን ሆነ ስላቸው ዝም ይላሉ። በእነሱ አልፈርድም። ካሜራው ኳሷን ይከተላል፣ አስተላላፊው ካሜራውን ይከተላል፣ ተንታኙ ደግሞ በእረፍት ሰዓት የጎሏን ምልሰት ይደግማል። ልጁ ከየት ይማር? «ኳሱን ትተው ለምን ወደኋላ ይሮጣሉ» ብሎ የጠየቀ ልጅ ስላለሽ ግን በጣም ደስ ብሎኛል። ይሄ ልጅ ከኳሷ ውጭ ያለውን ማየት ጀምሯል።

አንድ ጨዋታ ልስጥሽ። በ2022 የሞሮኮና የስፔን። ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ ሙሉውን እዩት፤ የጎሎቹን ቁርጥራጭ አይደለም፣ ጎልም የለው። በዚያ ሰሞን ሞሮኮ እንዴት እዚህ ደረሰች ሲባል የምንሰማው ልብ፣ የሀገር ፍቅር፣ የእናቶች ምርቃት ነበር። እውነት ነው፣ ተከላካያቸው ሀኪሚ ወደ እናቱ ሮጦ ሲስማት እኔም አልቅሻለሁ። ነገር ግን ልብ ስፔንን ከሺህ በላይ ቅብብል አድርጋ፣ 120 ደቂቃ ተጫውታ፣ ያለ ጎል አያስቀራትም። አሰልጣኛቸው ዋሊድ ሬግራጉይ ቡድኑን የተረከበው ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ ሳይቀረው ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ምን አስተማራቸው? እሱን ነው ማየት ያለባችሁ።

ኳሷ ስፔን እግር ላይ ስትሆን አቁሙትና ሞሮኮዎችን ተመልከቱ። ኋላ አራት ተከላካዮች። ከፊታቸው ሶፊያን አምራባት ብቻውን። ከእሱ ፊት አራት ሰዎች በአግድም። ከሁሉ ፊት አጥቂው ኤን-ኔሲሪ። ኤን-ኔሲሪ የስፔንን የመሀል ተከላካዮች ሲያሳድድ ብዙ አታዩትም። የስፔኑ አማካይ ቡስኬትስ አጠገብ ይቆማል። የስፔን ጨዋታ የሚያልፈው በቡስኬትስ በኩል ስለሆነ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ኳሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ አሥሩም ወደዚያ ይንሸራተታሉ። ወደ ግራ ትመለሳለች፣ አብረው ይመለሳሉ። በአንድ ገመድ የታሰሩ ነው የሚመስሉት። በተከላካዩ መስመርና በአማካዩ መስመር መሀል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ስፔኖች እዚያ መሀል ኳስ መቀበል አቃታቸው። ስለዚህ ዙሪያውን ቀባበሉ። ናቲ «ወደኋላ የሚሮጡት ለምንድነው» ያለው ለዚህ ነው። የሚሮጡት ያቺን ክፍተት ለመዝጋት ነው። ኳሷን ማሳደድ ሁለተኛ ነው።

ልጁ አማካይ ከሆነ አንድ አጋማሽ ሙሉ አምራባትን ብቻ ይይ። ኳሷ የትም ትሁን፣ ዓይኑን ከአምራባት አይንቀል። መጀመሪያ ይሰለቸዋል። ካሜራውም አንዳንዴ ይደብቀዋል። ቢሆንም ይታገስ። ሌላውን አጋማሽ ኡናሂን ይይ፣ 8 ቁጥሩን። የስፔኑ አሰልጣኝ ሉዊስ ኤንሪኬ ከጨዋታው በኋላ ስሙን ማስታወስ እንኳ አልቻለም፣ ግን ያ 8 ቁጥር እንዳስደነቀው በአደባባይ ተናግሯል። ኡናሂ ያኔ በፈረንሳይ ሊግ ታች ላይ ለነበረ ክለብ ለአንዤ ነበር የሚጫወተው። ሚሊዮን ዩሮ እየቆጠርን ብናይ ማን ያየው ነበር?

የተከላካይ መስመር ወደፊት ሲወጣ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሳዑዲ አረቢያ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ያሸነፈችበት አለ። በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት የአርጀንቲና ጎሎች ከጨዋታ ውጪ ተብለው ተሰርዘዋል። አደገኛ ጨዋታ ነው፣ ለልጆቼ አላስተምረውም። ግን ይታይ።

ድምፁን በሚመለከት፣ ሰባት ቁጥር እንዳለው ጭራሽ አትዝጉት። የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ቀንሱት። ናቲ ያየውን ደብተሩ ላይ በሁለት መስመር ይጻፍ። ማን በየት በኩል እያጠቃ ነው? ኳስ ሲነጠቁ ምን ያደርጋሉ? እረፍት ላይ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ተንታኙ ያለውን ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። ተንታኙ ናቲ ያላየውን ካሳየው በርታ በሉት፣ ነገም ስሙት። የሚያሳየው ከሌለ ሻይ አፍሊ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሆዴ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2013 ዋልያዎቹ፣ ብሔራዊ ቡድናችን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። ከሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ ይዘው ተመለሱ። በየሬዲዮውና በየቲቪው የተሰጠው ምክንያት «የልምድ ማነስ» ነበር። እስከ ዛሬም እሱ ነው። እስቲ ሦስቱን ጨዋታ ለየብቻ እንያቸው።

የዛምቢያው፦ ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። አጥቂያችን ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ከተከላካዮቻችን ጀርባ የተጣለችን ኳስ ለማውጣት በረኛችን ጀማል ጣሰው ከሳጥኑ ወጥቶ እግሩን ከፍ አድርጎ አጥቂውን መታው፣ በቀይ ወጣ። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ያቺ ኳስ እንዴት ከኋላ እንደተጣለች ነው። ተከላካዮቹ የት ነበሩ? በአሥር ሰው ሆነን ደግሞ ጎል ገብቶብን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። አሥር ሰው ሆኖ የዋንጫውን ባለቤት አሳድዶ አቻ የሚወጣ ቡድን ምን ሠራ? ይሄን ያስረዳን ሰው አልሰማሁም።

የቡርኪና ፋሶው 4 ለ 0 ተቃራኒው ነው። ግብ ጠባቂያቸው ሱላማ በቀይ ሲወጣ 1 ለ 0 እየመሩን ነበር። ቀሪዎቹ ሦስት ጎሎች የገቡት እነሱ አሥር ሆነው ነው! ቁጥር በልጠን ሁላችንም ወደፊት ወጣን፣ ኋላ ባዶ ሆነ፣ በመልሶ ማጥቃት ጨረሱን። የናይጄሪያው ደግሞ እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ነበር። ቪክቶር ሞሰስ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈን። ሁለተኛዋ ላይ በረኛችን ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ። ቅያሬ አልቆብን ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆነ። የዚያች ዋንጫ ባለቤት በኋላ ናይጄሪያ መሆኗን አትርሱ፣ ፍጻሜ ላይ ያሸነፈችውም ቡርኪና ፋሶን ነው።

ሦስት ሽንፈት እንዳልል አንዱ አቻ ነው። ሦስቱም ግን ምክንያታቸው ለየቅል ነው። አንዱ የተከላካይ መስመርና የበረኛ መናበብ ነው። አንዱ ጥቅም በእጅ እያለ ሚዛን ማጣት ነው። አንዱ በመጨረሻ ደቂቃዎች ሳጥን ውስጥ የሚሠራ ጥፋት ነው። እነዚህ ልምምድ ሜዳ ላይ ይስተካከላሉ። «ልምድ ማነስ» ግን ልምምድ የለውም። ለሕዝቡ ይሄን ያህል ባለማስረዳታችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከካሜራ ጀርባ፦

ጋሽ የሜዳ ዳር፣ ያሉት ልክ ነው። በስቱዲዮ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ስለሆንኩ ግን ለተንታኞቹም አንድ ሰው ይናገርላቸው።

የዓለም ዋንጫ ምስል በአንድ ድርጅት ነው የሚዘጋጀው፣ ኤች ቢ ኤስ ይባላል። ዓለም ሁሉ የሚያየው ያንኑ ምስል ነው። አስተላላፊው ብዙ ጊዜ ስታዲየም ውስጥ የለም። ሀገሩ ላይ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫ አድርጎ፣ የናቲ እናት ሳሎን ካለው የማይሻል ስክሪን ፊት ተቀምጧል። ካሜራው ያልያዘውን ተከላካይ እሱም አያየውም። ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ያለው ዕድል የለውም።

የእረፍቱን ሰዓት ደግሞ አስሉት። 15 ደቂቃ ነው። ከዚያ ላይ ማስታወቂያው ይነሳል። የጎሎቹ ምልሰት ይነሳል። የቀረው ለሦስት ተንታኝና ለአንድ አቅራቢ ይከፋፈላል። አንድ ሰው የሚናገረው ሁለት ደቂቃ ቢደርሰው ነው። የአምራባትን አቋቋም ለማሳየት ደግሞ ከ45 ደቂቃ ውስጥ አራት ቦታ የሚቆርጥ፣ ክብና ቀስት የሚያስቀምጥ ኤዲተር ያስፈልጋል። ሥራው ጨዋታው እየሄደ ነው የሚሠራው። ብዙ ጣቢያ ለዚህ የተመደበ ሰው የለውም። ምስል የሌለው ተንታኝ ምን ያውራ? ያለ ምስል የሚወራው የዝውውር ዋጋና ታሪክ ነው። እነዚያው ሰዎች ከካሜራ ውጭ ሻይ ላይ ሲያወሩ ብትሰሟቸው ትገረማላችሁ፣ ኳስ ያውቃሉ።

ለናቲ እናት ደግሞ አንድ ጠቃሚ ነገር። የስታዲየሙ ድምፅና የአስተላላፊው ድምፅ ለየብቻ ነው ወደ ጣቢያዎች የሚደርሰው። ስለዚህ አንዳንድ ቻናልና መተግበሪያ ላይ የስታዲየሙን ድምፅ ብቻ መምረጥ ይቻላል። ሪሲቨራችሁ ላይ የድምፅ ምርጫ ካለ ሞክሩት። ዝም ከማሰኘት ይሻላል፣ የሜዳውን ሙቀት አታጡም። ዘንድሮ ደግሞ በየአጋማሹ የሦስት ደቂቃ የውሃ እረፍት አለ። አሰልጣኞቹ በዚያች ሰዓት ነው አሰላለፍ የሚያስተካክሉት። ጨዋታው ሲቀጥል ምን እንደተቀየረ ናቲ ይፈልግ።

ዶሃ ነኝ፦

ሁላችሁም ስለ ትምህርት አወራችሁ። እኔ ስለ ድምፁ ልሟገት ነው።

በ2022 እዚሁ ዶሃ ነበርኩ፣ አሁንም አለሁ። ሹፌር ነኝ። ሞሮኮ ከፖርቱጋል የተጫወተች ቀን ትኬት አልነበረኝም። አል ቱማማ ስታዲየም ከምሠራበት ሩቅ አልነበረም፣ ግን ያየሁት አንድ የሞሮኮዎች ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ወንበር የለም፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ቲቪው በዐረብኛ። አረቦቹ አስተላላፊዎች እንዴት እንደሚያስተላልፉ ታውቃላችሁ፣ የቱኒዚያውን ኢሳም አሽ-ሻዋሊን የማያውቅ የኳስ ሰው የለም። ግጥም ነው፣ ልመና ነው፣ ጩኸት ነው። ኤን-ኔሲሪ ከበረኛው እጅ በላይ ዘሎ በግንባሩ ሲያገባት አስተላላፊው ድምፁ ተቆረጠ፣ ምግብ ቤቱም አብሮ ፈነዳ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው አለቀሱ። አፍሪካዊ ነህ አይደል አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ነበር። የኤን-ኔሲሪን አሯሯጥ ያስረዳኝ ሰው አልፈለግኩም በዚያ ሰዓት።

እኛስ ቤት? አባቴ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ ሴካፋን ስትወስድ ደምሴ ዳምጤ እንዴት እንዳስተላለፈው ሲነግረኝ ነው ያደግኩት። አባቴ ጨዋታውን የሚያስታውሰው በደምሴ ድምፅ ነው። ጋሼ፣ ልጁ ደብተር ይዞ ሲጽፍ ጎሏ እንዳታልፈው። ድምፁን ይስማ። መጀመሪያ ይውደደው፣ ከዚያ ይተንትነው።

የሜዳ ዳር፦

ዶሃ ነኝ፣ እውነትህን ነው። ደምሴን ከተንታኞቹ ጋር አልቆጥረውም። አስተላላፊ ልብህን ይዞ ይሄዳል፣ ተንታኝ ደግሞ ዓይንህን መክፈት አለበት። የኔ ቅሬታ በሁለተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የመጀመሪያውን ሥራ በሚሠሩት ነው። በሚወዳት ቡድን ጨዋታ ናቲ ደብተር አያስፈልገውም፣ ይጩህ። ደብተሩ ለሌላው ጨዋታ ነው።

ከካሜራ ጀርባ ስለ ኤዲተሩ ያለውን ግን አላውቅም ነበርና አመሰግናለሁ። ጣቢያዎቹ ከሦስቱ ሱፍ የአንዱን ወጪ ለኤዲተር ቢያውሉት እንዴት ጥሩ ነበር።

የናቲ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉንን የሞሮኮና የስፔንን ጨዋታ ቅዳሜ አገኘነው። እንዳሉት አምራባትን ብቻ እንዲያይ ነገርኩት። ሃያ ደቂቃ ላይ ሰለቸኝ አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ራሱ አቆመው። «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ኳስ ሳይመጣ በፊት ሁለት ጊዜ ወደኋላ ዞሮ ያያል» አለኝ። መልሰን አየነው፣ እውነትም ያያል። በማግስቱ ልምምድ ሲሄድ አንገቱን እያዞረ ነበር አሉኝ። ያቺን የመጀመሪያ ጥያቄውን ግን አልመለሳችሁልኝም። አሰልጣኙ ለምን እሱን አስወጣው?

የሜዳ ዳር፦

ጎበዝ! አንገት ማዞሩን ማንም ሳይነግረው ካየ፣ አሰልጣኙ ሥራው ቀለለለት።

ለቅያሬው ጥያቄ የዚያኑ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ስጪው፣ ሞሮኮ ከፈረንሳይ። ሬግራጉይ ያን ቀን አሰላለፉን ቀይሮ በአምስት ተከላካይ ገባ። ተከላካዩ አገርድ ማሟሟቂያ ላይ ከጨዋታው ቀረ። ሳይስ ጉዳት ይዞ ነበር የገባው። በ5ኛው ደቂቃ የፈረንሳዩ ቴኦ ኤርናንዴዝ አገባ። በ21ኛው ደቂቃ ሳይስ ወጣና አማላህ ገባ። ተከላካይ ወጥቶ አማካይ ገባ ማለት ነው። ቡድኑ ወደ ለመደው አራት ተከላካይ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ ከመጀመሪያው 20 ደቂቃ ጋር አስተያዩት። ሞሮኮ ኳሱን ያዘች፣ ከእረፍት በፊት ኤል ያሚቅ በመቀስ ምት የመታት ኳስ ቋሚ ነካች። በመጨረሻ 2 ለ 0 ተሸነፉ፣ ግን ያቺ ቅያሬ ጨዋታውን ቀይራለች።

ስለዚህ ናቲ አንድ ሰው ሲወጣ «ምን አጠፋ» አይበል። የገባውን ሰው ይይ፣ የት ነው የሚቆመው? ከዚያ ሌሎቹ አሥር ወዴት እንደተንቀሳቀሱ ይቁጠር። ብዙ ጊዜ መልሱ ከወጣው ሰው ላይ አይገኝም። መክፈቻው ላይ የመጀመሪያውን ቅያሬ በዚህ መንገድ ይየውና ያየውን እዚህ ጻፊልን። ፈተናው ካለፈ በኋላ የሞሮኮንና የብራዚልን የምድብ ጨዋታ ከድጋሚ ስርጭት ፈልጉለት። አማካዮቹን ነው የሚያይበት።